ስለ እልልታ ዋጋ

ሰው ለሠራው ሥራ ዋጋውን ማግኘት እንደሚገባው የማያውቅ የለም። የሚያርሰው ከምርቱ፥ የሚነግደው ከትርፉ፥ የሚጽፈውም ከደመወዙ ይኖራል። ነገር ግን ሥራው ሌላውን ሰው ማስደሰትና ማበርታት የሆነ ሰው ዋጋው ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በቀላሉ አይገኝም። እልልታ በሚዛን አይመዘንም፤ ጭብጨባም በቁና አይሰፈርም። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከሥራ አይቈጥረውም። እኛም ለረጅም ዘመን እንደ ብዙው ሰው እናስብ ነበር። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን ላይ ሳለን ያጋጠመን አንድ ነገር ነው።

ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በፍኖተ ሰላም ሳለን፥ በሐምሌ ወር፥ ከቡሬ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ዝናቡ ከላያቸው እየተንጠባጠበ ከበራችን ቆሙ። ከኋላቸው ዕድሜዋ 19 ዓመት የሚሆን ሴት ልጃቸው ነበረች።

«ጌታዬ፥ ለዚች ልጄ አቤቱታ የሚጽፍልኝ ፈልጌ ነው» አሉን።

«ይግቡ አባቴ፥ ይቀመጡ። ነገሩ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ጨፍራ ገንዘቧን ተከለከለች» አሉ።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ፈገግ አልን። የመሬት ክርክር፥ የከብት ስርቆት፥ የውርስ ጠብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና፥ ለእስክስታ ደግሞ አቤቱታ ይጻፋልን? አልን በልባችን። ልጅቱ ፈገግታችንን አይታ አንገቷን ደፋች። ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥር ወር በከተማው የእግር ኳስ ውድድር ተደርጎ ነበር። ውድድሩን ያሰናዳው ሰው 8 ሴቶች ልጆች መርጦ፥ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፥ ጨዋታው ሳይጀመር፥ በዕረፍት ጊዜና ግብ በገባ ቍጥር እየጨፈሩ ሕዝቡን እንዲያስጨፍሩ ቀጠራቸው። ለአንድ ጨዋታ ለእያንዳንዳቸው 300 ብር እንደሚሰጥ ተናገረ። ጨዋታው 6 ነበር። ከዚያ በፊት ግን 20 ቀን ልምምድ አደረጉ። ልብሱንም ከየቤታቸው እንዲያሰፉ ታዘዙ፤ ዋጋው 900 ብር ነበርና አባትዮው በቡሬ ገበያ በግ ሸጡ። ልጅቱም ወደ ቡሬ መመላለስ ስለማይሆንላት በፍኖተ ሰላም ከአክስቷ ቤት ሰነበተች። ውድድሩ በየካቲት ሲፈጸም ለየአንዳንዳቸው አንድ ካናቴራና የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ገንዘቡን ሲጠይቁ «ነገ» ተባሉ፤ ነገም ወር ሆነ። በመጨረሻ ሰውዬው «ደስ ብሏችሁ ጨፍራችኋል፤ አገር ሁሉ አይቷችኋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ትሻላችሁ?» አላቸው።

እኛም ልጅቱን «መጨፈሩን ትወጂው ነበርን?» ብለን ጠየቅናት።

«ጋሼ፥ እስክስታን እወዳለሁ። ለጎረቤቴ ሠርግ ቢሆን ዋጋ ሳልጠይቅ እጨፍራለሁ፤ ሲደክመኝም እቀመጣለሁ። እዚያ ግን ትኵሳት ይዞኝ ሳለ እንኳ ቅሪ አልተባልሁም» አለች።

ይህን ስትናገር ብዕራችንን አኖርን። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ቃል ውስጥ ነበርና።

ሰውን በድምፅ ማበርታት በአገራችን በጐጃም የቆየ ልማድ ነው። በዳሞትና በቡሬ ገጠር ገበሬው አዝመራው ሲደርስበት በወንፈል ይረዳዳል፤ ወይም ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራል። የወንፈል ሒሳብ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የዋልኸውን ቀን ነገ ለአንተ እውላለሁ ማለት ነው። በደቦም ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን አስጋግሮ፥ የመጣውን ሁሉ አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል። በዚያ መካከል ድምፀ መልካም የሆነ አንድ ሰው ያዜማል፥ ሌላው ይቀበለዋል፥ ማጭዱም በዜማው ልክ ይሄዳል። እኛ ባደግንበት ቀበሌ ይህ ዜማ አውራጅ ከሌላው ያነሰ ነዶ ቢያስር «አልሠራህም» የሚለው አልነበረም። እርሱ ዝም ያለ እንደ ሆነ የሁሉም ክንድ እንደሚዝል ይታወቅ ነበርና።

አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ይገባል፤ ሙሽራውን ያወድሳል፥ እንግዳውን እየጠራ ያሞግሳል፥ ሽልማቱም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ዋጋው አስቀድሞ የተቈረጠ ባይሆን እንኳ ለራሱ ጌታ ነው። ሲሻው ይዘፍናል፥ ሲሻው ይሄዳል፤ ንፉግ ቢያጋጥመውም በግጥም ወጋ አድርጎት ያልፋል። በልቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው ሴትም የሟቹን ሙያ እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ዘመድም እንደ ዐቅሙ እጇን ሳያይላት አይቀርም።

ደግሞም ያለ ዋጋ የሚሰጥ እልልታ አለ። ከቡሬ አለፍ ብሎ በአዊ አገር፥ በእንጅባራ ከተማ፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ፈረሰኛው ሲጋልብ ሴቶቹ በእልልታ ይቀበሉታል። ስለዚህ ዋጋ ይከፈላቸው የሚል የለም፤ በዓሉ የራሳቸው፥ የሚጋልበውም ወንድማቸው ወይም ባላቸው ነውና። በገና ጨዋታም ሩሩን የሚመታውና ከዳር ሆኖ የሚጮኸው አንድ አገር ነው፤ በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን በዘፈን ቢነካው እንኳ ጌታው እንዳይቈጣ ልማድ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ለይተን ብናየው ሦስት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ሰው ለራሱ በዓል የሚሰጠው ደስታ ነው፤ ይህ ዋጋ አይሻም። ሁለተኛው የአዝማሪው ነው፤ ዋጋው ሽልማት ነው፥ ነፃነቱም የራሱ ነው። ሦስተኛው የተቀጠረ ሰው ሥራ ነው፤ በዚህ ሰዓት ና፥ ይህን ልብስ ልበስ፥ እንዲህ አድርገህ ዝለል፥ ቢያምህም አትቅር ይባላል። እንዲህ የሚታዘዝ ሰው ጊዜውን ሸጧልና ደመወዙ ሊከፈለው ይገባል። የዚያች ልጅ በደል የአዝማሪው ነፃነት ሳይኖራት የሠራተኛውም ደመወዝ መቅረቱ ነው። ስትታዘዝ እንደ ተቀጣሪ፥ ስትከፈል ግን እንደ እንግዳ ተቈጠረች።

ይህ በደል በእኛ አገር ብቻ የተገኘ አይምሰላችሁ። ሀብት በሞላበት በአሜሪካም ብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። በዚያ አገር በኳስ ሜዳ ዳር ሆነው ሕዝቡን የሚያስጨፍሩትን ቺርሊደር ይሏቸዋል። ሥራው የተጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጀማሪዎቹ ወንዶች ተማሪዎች ነበሩ፤ ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የገቡበት በ1923 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ዳላስ ካውቦይስ የሚባለው የኳስ ቡድን ዳንስ የተማሩ ሴቶችን መርጦ ካቆመ ወዲህ ነገሩ ትልቅ ንግድ ሆነ። ቡድኖቹ ብዙ ገንዘብ ያገባሉ፥ ተጫዋቾቹም በሚሊዮን የሚቈጠር ደመወዝ ይቀበላሉ፤ የሴቶቹ ድርሻ ግን ከዚህ ጋራ የሚተያይ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በጥር ወር ኦክላንድ ሬደርስ ለሚባለው ቡድን የምትጨፍር አንዲት ሴት በካሊፎርንያ ክስ አቀረበች። ክሱ እንደሚለው ለአንድ ጨዋታ 125 ዶላር፥ በዓመቱ 10 ጨዋታ 1,250 ዶላር ይታሰብላቸው ነበር፤ ይህም የሚሰጠው የጨዋታው ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። የልምምዱ ሰዓት አይታሰብም፤ ለጠጉርና ለመኳኳያ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ደንብ ካፈረሱም መቀጫ ይቈረጥባቸዋል። የሠሩበት ሰዓት ሁሉ ቢቈጠር ለአንድ ሰዓት 5 ዶላር እንኳ አይደርስም ነበር፤ በዚያን ጊዜ በካሊፎርንያ ሕግ የተወሰነው ዝቅተኛው ዋጋ ለሰዓት 8 ዶላር ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ 1,250,000 ዶላር ሊከፍል በስምምነት ጨረሰ።

ከዚህም በኋላ በ2015 ዓ.ም. የካሊፎርንያው ገዥ ጄሪ ብራውን አዲስ ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ ለታወቁት የኳስ ቡድኖች የሚጨፍሩት ሴቶች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ እንዲቈጠሩ፥ የልምምዳቸውም ሰዓት እንዲታሰብላቸው ታዘዘ። ሕጉን ያቀረቡት የምክር ቤት አባል ሎሬና ጎንዛሌዝ በተማሪነታቸው ዘመን ራሳቸው ይህን ሥራ የሠሩ ሴት ናቸው። የዳላሶቹም በ2025 ዓ.ም. ደመወዛቸው በብዙ እጥፍ እንዲጨመር አድርገዋል። ነገር ግን ክርክር ያለ ጉዳት አይደለም። የበፋሎ ከተማ ቡድን አስጨፋሪዎች በ2014 ዓ.ም. በከሰሱ ጊዜ ጭፈራቸው ተቋረጠ፤ ዋጋቸውን የጠየቁት ሥራቸውን አጡ። ስለዚህ ብዙ ሰው ተበድሎ ዝም የሚለው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ያለውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ፍቅር ብርቱ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከተመሠረተበት ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ሜዳው ያለ ዘፈን ውሎ አያውቅም። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰ ጊዜ ደጋፊው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተከትሎ ሲዘፍን ታይቷል። በየክለቡም ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ዜማውን የሚያወርድ አስጨፋሪ አለ። ይህ ሰው ለክለቡ ፍቅር ሲል የሚጮኽ ከሆነ እንደ እንጅባራዋ ሴት እልልታ ይቈጠራል፤ ክብር እንጂ ደመወዝ አይጠይቅም። ንግዱን ሊያስታውቅ ወይም ውድድሩን ሊያደምቅ ሰው ጠርቶ በሰዓት የሚያዝዝ ግን እርሱ አሠሪ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ክለቦቻችን ራሳቸው በከተማ አስተዳደርና በመሥሪያ ቤት በጀት የሚኖሩ ድኾች ናቸው፤ ለጭፈራ ከየት አምጥተው ይከፍላሉ?» ይላሉ። የክለቦቹ ገቢ ማነሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መስማማታቸውን እናስታውሳለን። ጣሪያ ያስፈለገው ገንዘቡ ከዚያ በላይ ሲሄድ ስለ ታየ ነው። ዐቅም ለሌለው ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው፤ የማይከፍለውን ሰው አይቅጠር። ድኻ ገበሬ ጠላ ሳይጠምቅ ደቦ አይጠራም።

ሌሎች ደግሞ «ዝና አግኝተዋል፤ ይህ ለነገ ይጠቅማቸዋል» ይላሉ። ዝና መልካም ነው። ነገር ግን ዝና ዋጋ የሚሆነው ተቀባዩ ወድዶ ሲቀበለው ነው፤ 300 ብር ተብሎ ከተነገረ በኋላ በገንዘቡ ፈንታ የሚሰጥ ዝና ክፍያ አይባልም። በጉን የገዛው ነጋዴ «በግህ በገበያ መካከል ታየልህ» ብሎ ዋጋውን ቢከለክል ማን ይሰማዋል?

«የወደዱትን ሥራ መሥራት ራሱ ዋጋ ነው» የሚሉም አሉ። እኛም ጽሕፈት እንወዳለን፤ ሆኖም በወሩ መጨረሻ ደመወዛችንን ሳንቀበል አንቀርም።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንናገር፤ ሥራችን ነውና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አንድ ሰው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ሆኖ፥ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፥ ደመወዝ ሊከፈለው ተስማምቶ ቢሠራ ይህ የሥራ ውል ነው ይላል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ቃሉን በጽሑፍ አድርጎ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ይህን ባያደርግም የሠራተኛው መብት አይቀርም። አዋጁ ለግል ሠራተኛ ሁሉ ዝቅተኛውን የደመወዝ ልክ አልወሰነም፤ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ግን አመልክቷል። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሠራተኛ ያልተከፈለውን ደመወዝ ሳይጠይቅ 6 ወር ካሳለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። «ነገ፥ ከነገ ወዲያ» የሚል ከፋይም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ይህን ቀን ነው። አንድ ጭፈራ የሥራ ውል ነው ወይስ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚዳኝ ሌላ የአገልግሎት ውል ነው የሚለውን ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ዳኛው ይወስነዋል።

ሽማግሌውና ልጃቸው ከእኛ ዘንድ የመጡት 5ኛው ወር ካለፈ በኋላ ነበር። አቤቱታውን ከመጻፋችን በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርናት ሒሳብ ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላነው። የ20 ቀን ልምምድ በቀን 3 ሰዓት 60 ሰዓት ይሆናል። 6 ጨዋታ በየጨዋታው 5 ሰዓት 30 ሰዓት ነው። በጠቅላላው 90 ሰዓት። የተነገራት 1,800 ብር ሙሉውን ቢከፈላት ለሰዓት 20 ብር ይደርሳታል። የልብሱ 900 ብር ሲቀነስ ግን 10 ብር ብቻ ይቀራል። ካናቴራውንና የምስጋናውን ወረቀት ብቻ ይዛ ስትወጣ ደግሞ አባቷ ለውድድሩ በግ እንደ መረቁ ይቈጠራል። ሽማግሌው ይህን ስናነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንዲህ ከሆነማ ቀድሞውኑ ለ20 ብር ነው የላክኋት» አሉ። ከሁሉ ያስገረመን ይህ ነው፤ በደሉ ገንዘቡ በተከለከለ ቀን ብቻ ሳይሆን ልምምዱ ሳይቈጠር ዋጋው በተነገረበት ቀን ተጀምሮ ነበር።

አቤቱታው ተጽፎ ገና ሳይቀርብ ውድድሩን ያሰናዳው ሰው ሰማ። ሽማግሌዎች ልኮ ለዚያች ልጅ ብቻ 1,800 ብሩን በስውር ሊሰጥ፥ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ለመነ። አባትዮው በጉን አስበው «ተቀበይ» አሉ። ልጅቱ ግን «አባባ፥ ስምንት ነን፤ እኔ ብቻዬን አልጨፈርሁም» ብላ እንቢ አለች። በዚያን ዕለት አባትና ልጅ ተኳርፈው ወደ አክስትየዋ ቤት ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ ደግመው ተቀምጠው ለስምንቱም ለእያንዳንዳቸው 1,200 ብር ተከፈለ። ሙሉው አልተገኘም። ልጅቱ የልብሱን 900 ብር ለአባቷ መልሳ በቀረው 300 ብር ለትምህርቷ ደብተርና ጫማ ገዛች። ሽማግሌውም ከፍኖተ ሰላም ሲነሡ ከበራችን ብቅ ብለው «ልጄ ከእኔ የተሻለ ዳኛ ኖራለች» ብለውን ሄዱ።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በመካከላችሁ በዓልና ውድድር የምታሰናዱ ሹማምንት፥ ሠርግ የምትደግሱ ባለጸጎች፥ ሴት ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም አላችሁ። የምታሰናዱት ሰዎች የአዳራሹን፥ የድንኳኑንና የድምፅ ማጉያውን ዋጋ አስቀድማችሁ እንደምትጽፉ የአስጨፋሪዎቹንም ከልምምዳቸው ጋራ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ድንኳኑ ካልተከፈለለት አይተከልም፤ ልጅ ግን ስለምታፍር ሳይከፈላትም ትመጣለች። እፍረቷን እንደ ገንዘብ ቈጥረን ብናተርፍበት ለእኛ ነውር ነው። ወላጆችም ልጃችሁ እንዲህ ላለ ሥራ ስትጠራ ጭፈራ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በመከልከልም አትቸኵሉ። ሄዳችሁ ከሚቀጥራት ሰው ጋራ ተነጋገሩ፥ ቃሉንም በምስክር ፊት አስጽፉ።

ያችን ልጅ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ በገበያ አግኝተናት ነበር። «ዛሬም ትጨፍሪያለሽን?» አልናት። «እጨፍራለሁ ጋሼ» አለች። «ለጎረቤቴ ሲሆን ምንም አልጠይቅም። ለሌላው ግን አስቀድሜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ስንት ቀን ነው? ስንት ብር ነው? ልብሱስ የማን ነው?»

እኛም ከዚህ የበለጠ ምክር የለንም።